መጫወቻው ልጅ ከጎዳ አይጣሉት

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ከመርካቶ የተገዛች አንዲት የፕላስቲክ ዳክዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። ሆዷን ሲጫኗት ትጮኻለች፤ ዓይኖቿ ቀይና አረንጓዴ ያበራሉ። ገልብጬ ሳያት ከሥሯ የባትሪ ክዳን አለ፤ ብሎን ግን የለውም። በአውራ ጣቴ ጥፍር ገፋ ሳደርገው ተነሣና ሦስት የሰዓት ባትሪዎች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። ካቻቢቴ አላስፈለገኝም። ለሁለት ዓመት ልጅም አያስፈልገውም።

መጫወቻ ልጅ ሲጎዳ በየቤቱ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ቤተሰቡ ልጁን ታቅፎ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ሲመለሱ እናት ወይም አያት ያንን ዕቃ አንስታ "ከዓይኔ ይጥፋ!" ብላ ቆሻሻ ውስጥ ትወረውረዋለች። ንዴቱ ይገባኛል። ችግሩ፣ ሐኪሙ ልጁ ሰውነት ውስጥ ምን እንደገባ የሚያውቅበት፣ ካሳም የሚጠየቅበት ዋናው ማስረጃ አብሮ መጣሉ ነው።

መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ሕጉ ይቆየን፤ መጀመሪያ ልጁ። የተቆረጠ ጣት ወይም የደማ ከንፈር በዓይን ስለሚታይ ማንም አይዘናጋበትም። የሚያዘናጋው የተዋጠ ነገር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ቀዳሚው የሰዓት ባትሪ ነው።

ብዙ ሰው "በሰገራ ይወጣል" ይላል። ሳንቲም ብዙ ጊዜ ይወጣል። ባትሪ ግን በምግብ መውረጃው ቧንቧ ላይ ከተሰነቀረ ሌላ ታሪክ ነው። ሥጋው እርጥብ ስለሆነ በባትሪው ሁለት ገጾች መካከል ኤሌክትሪክ ይመላለሳል። በዚህ የተነሣ በአንደኛው ገጽ በኩል ለሳሙና መሥሪያ እንደሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ያለ ነገር እዚያው ይፈጠራል፤ ሥጋውን የሚበላውም እሱ ነው። ባትሪው መፍሰስ ወይም መሰንጠቅ አያስፈልገውም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። በተለይ የሚፈራው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ላዩ ላይ "ሲአር 2032" ተብሎ የሚጻፍበት ዓይነት ነው፤ ትልቅ ስለሆነ በሕፃን ጉሮሮ በቀላሉ ይሰነቀራል። "ያለቀ ባትሪ ነው" ብሎ መጽናናትም አያዋጣም፤ መጫወቻውን ማስጮህ ያቃተው ባትሪ ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ጉልበት ይኖረዋል።

ምልክቱ ደግሞ ጉንፋን ይመስላል። ልጁ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ያስላል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ ያስታውካል። አንዳንዱ ምንም አይታይበትም። ስለዚህ ባትሪ ጠፍቶ ልጁ ከተጠረጠረ ምልክት አይጠበቅም፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ ይኬዳል። እንዲያስመልሰው ማድረግ ክልክል ነው። ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መንገድ ላይ እያሉ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ጉዳቱን ያቀዘቅዛል፤ የአሜሪካ የመርዝ መከላከያ ባለሙያዎች የሚመክሩት ይህን ነው። ማሩ ባትሪውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። ቤት ውስጥ ማር ከሌለ ፍለጋ አይኬድ፤ የሚባክነው የልጁ ሰዓት ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ የገባ ባትሪም ያው አስቸኳይ ነው።

ሁለተኛው ስውር ጠላት ማግኔት ነው። ከመጫወቻ ውስጥ ወልቀው የሚወጡ ትንንሽና ኃይለኛ ማግኔቶች አሉ። ሁለት ከተዋጡ በተለያየ የአንጀት እጥፋት ላይ ሆነው ይሳሳባሉ፤ በመካከል የተያዘው አንጀት ደም ያጣና ይበሳል። ልጁ ሆዱን ሲያመው "ብርድ ነው" ተብሎ ሁለት ቀን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ውኃ ሲነካቸው የሚያብጡ ባለቀለም ዶቃዎችም አንጀት ይዘጋሉ፤ የእነሱ ክፋት ደግሞ በራጅ ላይ አለመታየታቸው ነው። ሐኪሙ እንዲያውቅ አንዷን ዶቃ ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ልጁ ከታነቀ ነገሩ የደቂቃ ነው። ማሳልና ማልቀስ ከቻለ ያስል፤ አይንኩት። ድምፁ ከጠፋና አንድ ዓመት ካለፈው፣ ወደ ፊት አጎንብሰው በትከሻዎቹ አጥንቶች መካከል በመዳፍዎ 5 ጊዜ ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ ከፍ ብለው ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ሁለቱን ያፈራርቁ። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሆዱ ግን አይጫንም፤ ጀርባው ከተመታ በኋላ ተገልብጦ ደረቱ መሐል ይጫናል። ጣትዎን አፉ ውስጥ ሰደው በጭፍን አይፈልጉ፤ የተሰነቀረውን የበለጠ ይገፋዋል። እርስዎ ይህን ሲያደርጉ ሌላ ሰው የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይጥራ።

ለሐኪሙ ምን ይነገር?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካርድ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ቃል ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ፊት የሚነበብ ቃል ነው። የተደናገጠች እናት "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዞር ብዬበት" ትላለች፤ ካርዱ ላይም "ልጁ ብቻውን ተትቶ ሳለ ባትሪ ዋጠ" ተብሎ ይሰፍራል። ባትሪው ከየት እንደመጣ የሚናገር ቃል የለም። ነገሩ እንዲህ ቢነገር ግን እውነቱም ይሞላል፦ "በዳክዬ መጫወቻ ሲጫወት ክዳኑ ተከፍቶ ባትሪው ወጣ፤ ሦስት ነበር፣ ያገኘሁት ሁለት ነው፤ ያየሁት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው።" ምን፣ ከምን ውስጥ፣ እንዴት ወጣ፣ መቼ። ለሕክምናውም ቢሆን ይህ ይሻላል፤ ሐኪሙ የጎደለውን ባትሪ መጠን ከተረፉት ሁለቱ ይለካል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሕክምና ማስረጃ፣ የራጁን ፊልም ወይም በስልክዎ ፎቶውን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን ሁሉ ይያዙ። የታክሲውንም ሳይቀር።

መጫወቻው ለምን ይቀመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የሆነውን ልንገራችሁ። በአውስትራሊያ "ቢንዲዝ"፣ በአሜሪካ ደግሞ "አኳ ዶትስ" በሚል ስም የሚሸጡ ትንንሽ ባለቀለም ዶቃዎች ነበሩ፤ ውኃ ሲረጭባቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ሥዕል ይሠራሉ። የዋጧቸው ሕፃናት ራሳቸውን እየሳቱ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። በሲድኒ የሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች የአንድ ልጅ ሽንት ሲመረምሩ ሰውን የሚያደነዝዝ ጂኤችቢ የሚባል ነገር ተገኘ። ከየት መጣ? ዶቃዎቹን ራሳቸውን ሲመረምሩ ማጣበቂያው ውስጥ መግባት በነበረበት ኬሚካል ፋንታ ሌላ ኬሚካል ገብቶ ተገኘ፤ ያኛው ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ጂኤችቢ ይለወጣል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 4.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቅሎች ከገበያ ተሰበሰቡ። ዶቃው ባይገኝ ኖሮ የልጁ ሽንት ብቻውን ይህን ሁሉ አይናገርም ነበር።

ስለዚህ መጫወቻው እንደነበረ ይቀመጥ። አይታጠብ፣ አይጠገን፣ የተሰበረው አይጣበቅ። ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ይግባና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ከዚያ በፊት በስልክዎ ከሁሉም ጎን ያንሱት፤ በተለይ ከሥሩ የተቀረጹትን ትንንሽ ቁጥሮችና ፊደሎች፣ ክዳኑን፣ ካርቶኑን፣ "ከ3 ዓመት በታች" የሚል ምልክት ካለበት እሱን። ካርቶኑ ከተጣለ ገንዳው ሳይነሣ መፈለግ ነው። ገንዘቡ ከተገኘ ደግሞ ከዚያው ሱቅ ሌላ ተመሳሳይ ገዝቶ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ጥሩ ብልሃት ነው። ሁለተኛውም ክዳን በጥፍር ከተነሣ፣ "ልጅህ ነው የሰበረው" የሚል ሰው መልስ ያጣል።

ሱቁ "አምጣው፣ እቀይርልሃለሁ" ሊል ይችላል። አስመጪው "ላኩልንና እንመርምረው" ሊል ይችላል። ፎቶ ይላኩላቸው፤ ዕቃውን ግን አይስጡ። የጥቂት መቶ ብር ዕቃ ሲቀየርልዎ ማስረጃዎ አብሮ ይሄዳል።

"ጉድለት" ሲባል ምን ማለት ነው?

የሚጎዳ ዕቃ ሁሉ ጉድለት ያለበት አይደለም። ቢላ ይቆርጣል፤ ሥራው ነው። ጉድለት የሚባለው ሰው በተገቢው መንገድ ሲጠቀምበት ሊጠብቀው የሚገባው ደኅንነት ሲጎድል ነው። የሕግ ሰዎች በሦስት ይከፍሉታል፤ በጀበና ላስረዳው።

ሸክላ ሠሪዋ ሃያ ጀበና ሠርታ አንዱ ሲተኮስ ተሰንጥቆ ሳታየው ሸጠችው እንበል። አሥራ ዘጠኙ ደህና ናቸው፣ የእርስዎ ግን እሳት ላይ ፈነዳ። ይህ የአሠራር ጉድለት ነው። ሃያውንም እጀታቸውን አቅጥና ሠርታቸው ከሆነ፣ ቡና ሲቀዳ የሁሉም እጀታ ይሰበራል፤ ይህ የንድፍ ጉድለት ነው። ጀበናው በደንብ ተሠርቶ፣ አዲስ ጀበና መሟሸት እንዳለበት ለማያውቅ ሰው ሳትነግረው ከሸጠችለት ደግሞ የማስጠንቀቂያ ጉድለት ነው። የእኔ ዳክዬ ሁለተኛውም ሦስተኛውም አለባት፤ ክዳኗ የተሠራው ያለ ብሎን ነው፣ ካርቶኗም ስለ ባትሪ አንድ ቃል አይልም።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ምን መፈለግ እንዳለብዎ ስለሚነግርዎ ነው። ለአሠራር ጉድለት የተሰበረችው ያቺው ዕቃ የግድ ታስፈልጋለች። ለንድፍ ጉድለት እህቶቿም ይመሰክራሉ። ለማስጠንቀቂያ ጉድለት ካርቶኑ ነው ዋናው።

"እናቱ የት ነበረች?" ሲባልስ?

ይባላል፤ ከቤተ ዘመድም፣ ከሱቁም፣ ነገሩ ከገፋ ከተከሳሹ ጠበቃም። መልሱ መጫወቻው ለማን ተሠራ በሚለው ላይ ነው። ልጅ ያገኘውን ይነክሳል፣ ይወረውራል፣ ይጎትታል። መጫወቻ የሚሠራ ሰው ይህን አላውቅም ማለት አይችልም። ደረጃ ባለበት አገር መጫወቻ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሆን ተብሎ ከከፍታ ይጣላል፣ ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል፤ የተገነጠለችው ቁራጭ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ትንሽ ቱቦ መሰል መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባች ለሕፃናት መሸጥ አይቻልም። ቤት ውስጥ በዚህ መለኪያ ፋንታ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን የካርቶን ቱቦ መጠቀም ይቻላል፤ ከመለኪያው ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄው ወደ እርስዎ ያደላል።

ይህ ማለት ወላጅ ምንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። "ከ8 ዓመት በላይ" የተባለውን ለአንድ ዓመት ሕፃን ከሰጡት ካሳው ሊቀነስ ይችላል። ግን "ተጠንቅቀሽ ቢሆን" የሚለው ወቀሳ ክዳኑን ያለ ብሎን የሠራውን ሰው ነፃ አያወጣውም።

በኢትዮጵያ ማን ይጠየቃል?

ብዙ ሰው ሕግ የለም ብሎ ያስባል። አለ፤ አርጅቷል እንጂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ላይ፣ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አምራቹ አጥፍቷል ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ማምለጫም አለው፦ ጉድለቱ ዕቃውን እንደ ልማዱ ሲያዩት ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ኃላፊነት የለም። በዳክዬዋ ላይ ክርክሩ እዚህ ጋ ይነሣል። "ብሎን እንደሌለው አላየህም ወይ?" ይባላል። ሱቅ ቆሞ መጫወቻ ገልብጦ ብሎን የሚፈልግ ወላጅ ስንት አለ? ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ወይም ማጣበቂያ ውስጥ ያለ መርዝ ከሆነ ግን ይህ መከራከሪያ አይሠራም።

ትልቁ እንቅፋት አምራቹ የት እንዳለ ነው። መርካቶ ከሚደረደሩት መጫወቻዎች አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። የቻይና የመጫወቻ መዲና የምትባለው በጓንግዶንግ ያለችው ቼንግሃይ ናት። እዚያ ድረስ ሄዶ የሚከስ የለም። እዚህ ላይ የሚረዳው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። አዋጁ ጉዳት የደረሰበት ሸማች አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጉዳት ሳይደርስ ጉድለቱን ብቻ ካዩ ደግሞ በገዙ በ15 ቀናት ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላሉ።

ይህ ሰንሰለት የሚያያዘው በደረሰኝ ነው። ዳክዬዋን የገዛሁበት ሱቅ ተመልሼ ከማን እንደሚያመጣ ጠየቅሁ። "ጋሼ፣ እኔ የመጣልኝን ነው የምሸጠው" አለኝና ካርቶኑን አሳየኝ። ቻይንኛ፣ "ሜድ ኢን ቻይና"፣ የዳክዬ ሥዕል፤ የአስመጪ ስም የለም። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ሳቀ። ደረሰኝ ያልሰጠ ነጋዴ ካለ፣ ክፍያው በሞባይል ወይም በባንክ ከሆነ የስልኩ መልእክት ያገለግላል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ አብሮዎት የነበረ ሰው ምስክር ነው።

አቤቱታ ለክፍለ ከተማው ወይም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ በላይ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይቀርባል፤ ዋናው ጥቅሙ ዕቃው ከሌላው መደርደሪያ እንዲነሣ ማድረጉ ነው። ካሳ በፍርድ ቤት ነው፤ ወላጅ በልጁ ስም ይከሳል። አዋጆች ስለሚሻሻሉ ክስ ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ጊዜ አለው። በፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። በባትሪ የተቃጠለ ጉሮሮ ግን ሲድን ይጠባል፤ ልጁ ለወራት እየተመላለሰ ቧንቧው ሲከፈትለት ጊዜው ሳይታወቅ ያልቃል።

ስንት ይገኛል? ሕጉ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ የሕክምና ወጪ፣ ወደፊት የሚያስፈልገው ሕክምና፣ መመላለሻው። ደረሰኝ ሁሉ ይያዝ ያልኩት ለዚህ ነው። ለሞራል ጉዳት ግን ቁጥር 2116 ጣሪያ አስቀምጧል፦ 1,000 ብር። በንጉሡ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የልጅን ሥቃይ በዚህ መመዘን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሳይነካ መቅረቱ የሚያሳፍር ቁጥር ነው።

"ሲኢ" የሚል ምልክት አለውኮ?

ሁለቱ የላቲን ፊደላት አምራቹ ራሱ "የአውሮፓን ሕግ አሟልቻለሁ" የሚልበት ምልክት ነው። ለአብዛኞቹ መጫወቻዎች ሌላ አካል መርምሮ የሰጠው ማኅተም አይደለም፤ ማንም ማተሚያ ያለው ሊያትመው ይችላል። ዳክዬዬም አለባት።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነስ?

አክስት ከሜሪላንድ፣ አጎት ከሚኒሶታ የሚልኩት መጫወቻ በየቤቱ አለ። በአሜሪካ የመጫወቻ ባትሪ ክዳን ያለ መሣሪያ በቀላሉ እንዳይከፈት የሚያስገድድ ደረጃ አለ። በቴክሳስ ሪስ የተባለች የ18 ወር ሕፃን ከሪሞት ኮንትሮል የወጣ ባትሪ ውጣ ከሞተች በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በስሟ የተጠራ ሕግ ወጥቶ ጥንቃቄው ወደ ሌሎች የቤት ዕቃዎችም ሰፋ። ይሁንና በኢንተርኔት የሚሸጠው ሁሉ ደረጃውን ያሟላል ማለት አይደለም።

ልጁ እዚያው አሜሪካ ከተጎዳ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። "ሴፈር ፕሮዳክትስ ዶት ጎቭ" በሚለው ገጹ ማንም ጉዳቱን ማመልከት ይችላል፤ ኩባንያው እንዲያየው ይደረግና ለሕዝብ ይወጣል። ይህ ግን ካሳ መጠየቅ አይደለም። ካሳ በጠበቃ ነው፤ ብዙዎቹ ጠበቆች ካሸነፉ ድርሻ ይወስዳሉ እንጂ አስቀድመው አይጠይቁም። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የልጁ የክስ ጊዜ 18 ዓመት እስኪሞላው ይቆምለታል፤ ወላጅ ላወጣው የሕክምና ወጪ ያለው ጊዜ ግን ላይቆም ይችላል። ኩባንያው ቼክ ይዞ ፈርሙልኝ ካለ አይቸኩሉ፤ በብዙ ቦታ የልጅን ጉዳይ በስምምነት ለመዝጋት የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሆስፒታል ደግሞ የቤተሰቡን ትልቅ ልጅ ከማስተርጎም ያለ ክፍያ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ስለ ካርዱ ቃል ከላይ ያልኩት እዚያ እጥፍ ይከብዳል።

በሻንጣ የመጣው መጫወቻ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ከጎዳ፣ የሻጩ ስምና የግዢው መረጃ ያለው ከላኪው ጋር ነው። ዕቃው በኢንተርኔት ከተገዛ የትእዛዙ ገጽ ላይ ሻጩ፣ ቀኑና የምርቱ ቁጥር ይገኛል፤ አክስት ሳትሰርዘው በስልኳ ፎቶ ታንሳው። ሻንጣ ሲሞላ ካርቶኑ ቦታ ይበላል ተብሎ ገና አዲስ አበባ ሳይደርስ እዚያው ሜሪላንድ ይጣላል። ሳይጣል በፊት አራቱም ጎኑ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ለእናትየው ይላክ።